ለድምፅ የተሰጠ ምንጣፍ

አባቴ ከበሮ ሠሪ ነበር፤ እኔ ወንበር ጠጋኝ ነኝ። እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቄ የተሰበረ የወንበር እግር፣ አልከፈትም ያለ መሳቢያ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ ይመጣልኛል። ሰው ሲያስቸኩለኝ ቶሎ እቆጣለሁ። ሚስቴ «የሱ ቁጣ ከሙጫው ቀድሞ ይደርቃል» እያለች ደንበኞቼን ታረጋጋለች። እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ችግሩ እስኪበርድልኝ ድረስ የማደርገው ነገር ነው።

ሲኞራ ሱቄ የመጡት የቤተ ክርስቲያናቸው ዓመታዊ በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የድሮ ሰው ከሆነ ፒያሳ ውስጥ ሲኞራን የማያውቅ የለም። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የሰላሌ ሰው ናቸው። እሳቸው ሰማንያን ተሻግረዋል። ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ ሲኬድ ገባ ብላ ባለች አንዲት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከልጅነታቸው ጀምሮ ኦርጋን ሲጫወቱ ኖረዋል። ኦርጋን ስል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ማለቴ አይደለም። ከበሩ በላይ ባለው ሰገነት የቆመ፣ ትልቅ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ በወናፍ እየተነፋ በእርሳስና በእንጨት ቱቦዎች የሚዘምረውን ነው። ይኸውም አባታቸው በሣጥን በሣጥን ሆኖ የመጣውን በገዛ እጃቸው ገጣጥመው ያቆሙት ነው።

ሲኞራ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አንተ የከበሮ ሠሪው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፤ ግን እኔ ከበሮ አልሠራም ሲኞራ።»

«ቆዳ ታውቃለህ፣ እንጨት ታውቃለህ፤ ይበቃኛል። ኦርጋኔን ሊገድሉብኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ የኦርጋኑ ድምፅ ደክሟል። ከኋላ የቆመ ሰው አይሰማውም፤ ከፊት የቆመውም ቢሰማው አይገባውም። አንድ ምዕመን አዲስ ኪቦርድ እሰጣለሁ ብሏል። የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ተሰብስቦ ተነጋገረና በበዓሉ እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ እንስማው ተባለ። እንደ ድሮው ከሆነ ይቀመጣል፤ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ቱቦዎቹ ተነቅለው ለቆራሌ ይሰጣሉ፤ ሰገነቱም ለኪቦርዱና ለመዘምራኑ ይለቀቃል።

«እኔ ብሞት ጊዜዬ ነው» አሉ ሲኞራ። «እሱ ግን ከእኔ በኋላ መኖር አለበት። የአባቴ መቃብር የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ያለኝ እሱ ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኗ የእኔ አይደለችም። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ያደግሁ። ይቺኛዋ ረጅም ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቅስት። በሩ ላይ ሰዉ ጫማውን አውልቆ ሳይ እኔም ጎንበስ አልኩ። ዘበኛው «ድሮ እዚህ ጫማ አይወለቅም ነበር፤ ምንጣፉ ከገባ ወዲህ ነው» አለኝ። ምንጣፉ ከበሩ እስከ መንበሩ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ እግር የሚውጥ።

የስለት ምንጣፍ መሆኑንም የነገረኝ ዘበኛው ነው። አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያከፋፍሉ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄደችና ድምጿ ጠፋ። ሁለት ዓመት ስልክ የለ፣ መልእክት የለ፣ አየኋት የሚል ሰው የለ። እናት በመጨረሻ እዚህ ገብተው «የልጄን ድምፅ ብቻ አሰማኝ፤ ወለልህን ከዳር እስከ ዳር አለብሳለሁ» ብለው ተሳሉ። ወር ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋም ቃላቸውን ጠበቁ፤ አራት ጥቅል ምንጣፍ በመኪና አስጭነው አስገቡ። በዚህች ከተማ የሰመረ ስለት የማያስደስተው ሰው የለም። እኔም ደስ አለኝ፤ እግሬም ደስ አለው፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ከመቆም ይሻላል ብዬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

ወናፉን የሚነፋው ያው ዘበኛ ነው። ከኦርጋኑ ጎን የወጣውን ረጅም እጀታ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ሲኞራ ጣታቸውን አሳረፉ። ድምፁ ወጣ፤ ወጣና እዚያው እግራችን ሥር ተኛ።

«ሰማኸው?» አሉኝ።

«ሰማሁት። ወናፉ ነው። ቆዳው ላልቷል።»

ይህን ስል እርግጠኛ ነበርኩ። ከበሮ ሲደክም ምን ይደረጋል? ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቆዳው ይሳባል፣ ድምፁ ይመለሳል። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ደጃችን ላይ ከበሮ ተሰጥቶ ስጠብቅ፣ ውሻ እንዳይልሰው ስከላከል ነው ያደግሁት። ሲኞራን አላማከርኳቸውም፤ ምን ብዬ አማክራቸዋለሁ፣ ቆዳ ቆዳ ነው። በሦስተኛው ቀን ወናፉን ፈትቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁትና ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

የከበሮ ቆዳ የበሬ ነው፤ ሥራው ተወጥሮ መኖር ነው። የወናፍ ቆዳ የበግ ነው፤ ስስ ነው፤ ሥራው መተጣጠፍ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ እጥፋቱ ሁሉ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

ሲኞራ ቀድመውኝ መጥተው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ያልታመመውን ገደልከው። ቆዳው ደህና ነበር።»

ማፈር ሲገባኝ ተቆጣሁ። «ታዲያ የታመመው ምኑ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሰማንያ ዓመት ሴት ላይ።

«እሱን ባውቅ አንተን እጠራ ነበር?»

ያን ምሽት እህል አልቀመስኩም።  በማግስቱ ቄራ ወርጄ ስስ የበግ ቆዳ መርጬ ገዛሁና ፋቅሁት፣ አለፋሁት፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ አለበስኩት። አሥር ቀን ፈጀብኝ። የሰው ሶፋ ሱቄ ውስጥ ተከምሮ ደንበኛ ሲሰድበኝ መልስ አልሰጠሁም። እጄ ከአባቴ የወረሰው ሥራ ስለነበር ወናፉ ከድሮው አማረ፤ ቅንጣት ንፋስ አያሾልክም። በዓሉ ስምንት ቀን ሲቀረው ገጠምነው። ዘበኛው ነፋ፣ ሲኞራ ተጫወቱ።

ድምፁ ወጣና እዚያው እግራችን ሥር ተኛ።

 ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ አሁንም ንፋሱን ነው የጠረጠርኩት። ቢጠነክር ይጮህ ይሆናል ብዬ ወናፉ ላይ የሚጫነውን ብረት ልጨምር አነሳሁ። ሲኞራ እጄን ያዙ። ጣታቸው እንደ ጉጠት ጠንካራ ነበር።

«አስቀምጠው። ተቀመጥና ስማኝ» አሉ። ዘበኛውም እጀታውን ለቆ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ‹ኦርጋን ሠሪ መጀመሪያ የሚያዳምጠው ቤቱን ነው› ይል ነበር። እሱ አገር ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይና እብነ በረድ ነው፤ ሹክ ብትል ድምፅህ ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ የነሱ ኦርጋን አይጮህም፤ ትንፋሹ ለስላሳ ነው፣ ግድግዳው ያግዘዋል። ወደ ሰሜን ጀርመን ስትሄድ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሃይማኖቱ የታደሰ ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ይዘምር ተባለ። ትልቅ የጡብ ቤት፣ ጢም ብሎ የሞላ ሰው፣ ሁሉም አፉን የከፈተ። ያን ሁሉ ሰው የሚመራ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በእግር የሚጫወቱት፣ ደረት የሚያናውጥ ወፍራም ቱቦ ሠሩለት።»

«ሌላውስ አገር?» አለ ዘበኛው።

«ስፔን ካህናቱ የሚዘምሩት ቤተ ክርስቲያኑ መሃል ታጥረው ነው። ኦርጋኑም እዚያው ከጎናቸው ነው፤ መለከቶቹን ጋደም አድርገው በሰው ራስ ላይ ይደግኗቸዋል። እንግሊዞች ደግሞ ጥቂት መዘምራን መቅደሱ አጠገብ ያስቀምጡና ኦርጋኑን ጎን ባለች ክፍል ይሸጉጡታል፤ ሥራው ማጀብ ነው። የዓለም ነገር ነው ብለው አውጥተው የሰባበሩትም አሉ፤ ከእነሱም እስከ ዛሬ ያለ መሣሪያ በባዶ አፋቸው የሚዘምሩ አሉ። ገባህ? አንዱን ከአገሩ አንስተህ ሌላው ቤት ብትተክለው ወይ ይታፈናል ወይ ያደነቁራል። የእኛን አባቴ ይቺን ድንጋይ አዳምጦ ነው ያስተካከለው። ብረቱን ብትጨምር ጩኸት ነው የምታተርፈው።»

ሰማኋቸው። ደስም አለኝ፤ ዘበኛው ደግሞ እንደ ተረት ነበር የሚያዳምጣቸው። ግን እንደ ወሬ ሰማሁት እንጂ ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ አቧራ ስጠርግ ቆየሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሲኞራ ከአጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቱቦ ጉልበታቸው ላይ ያስተኙትና በነጭ ጨርቅ ያብሱታል፤ ሬሳ የሚገንዙ ነበር የሚመስሉት። ሐሙስ ዕለት ቆራሌው በር ላይ መጥቶ ሰኞ በስንት ሰዓት ልምጣ ብሎ ጠየቀ። ዘበኛው ሲያባርረው ከላይ ሰማሁ።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ጫማ የለም። ሴቶቹ በዓል ሲደርስ ምንጣፉን አውጥተው ያጥባሉ፤ አራቱም ጥቅል ግቢው ውስጥ በሳሙና ውሃ ተነክሯል፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእግራቸው ይረግጡታል፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ፊቴን አጥቁሬ አልፌያቸው ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ የዕቃ ቦርሳዬ ተከፍቶ መዶሻዬ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።

የመዶሻው ድምፅ ወደ ጣሪያው ወጣ፣ ወደ መንበሩ ሄደ፣ ዞሮ ከጀርባዬ መጣ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። አንድ ደብር ከበሮ ሊያሠራው ሲጠራው አባቴ ቆዳ አይመርጥም፣ እንጨት አይቆርጥም፤ መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ መሃል ገብቶ ያጨበጭባል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ክዳኑ ሣር ከሆነ አንድ ዓይነት፣ ቆርቆሮ ከሆነ ሌላ ዓይነት ከበሮ ይሠራል። እኔ ልጁ መሣሪያውን ፈታሁ፣ ሰነጠቅሁ፣ ሰፋሁ፣ ጠረግሁ፤ አንድ ቀን ገብቼ አላጨበጨብኩም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ተመለሰልኝ።

ዘበኛውን ጠራሁት፤ ሲኞራን ከቤታቸው አስመጣኋቸው። በምንጣፍ ማጠቢያ ቀን መጥተው አያውቁም ነበር። ተጫወቱ። ድምፁ ከቱቦዎቹ ወጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተቀባበለ ቤቱን ሞላው፤ ከውጭ የሴቶቹ ሳቅ ቆመ። ሲኞራ መጫወታቸውን ሳያቋርጡ አለቀሱ።

«ይኸው እሱ ነው» አሉ። «ይኸው አባቴ።»

አልታመመም ነበር፤ አፉ ታፍኖ ነው። ያፈነውም ስለት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። አስገብቼ አጨበጨብኩላቸው፤ ገባቸው። «ለእሑድ ብቻ ምንጣፉ አይነጠፍ ጋሼ» አልኳቸው።

«የስለት ዕቃ ነው» አሉኝ። «ባለስለቷ ከፈቀዱ እኔ ምን ከለከለኝ? ካልፈቀዱ ግን የልጃቸው ነገር አለበት፤ እኔ እጄን አላስገባም።»

ሴትዮዋን ሱቃቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። የሽንኩርት ጆንያ አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው ጉያቸው ውስጥ ነው። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ሲኞራ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ልጄ የዕረፍት ቀኗ እሑድ ነው፤ በየእሑዱ ትደውላለች» አሉ። «ምንጣፉ ከገባ ወዲህ አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም። አንተ ይህን አንሺ ነው የምትለኝ?»

«ለአንድ ቀን ነው እትዬ።»

«ድምጿ የጠፋውም አንድ ቀን ነበር። አንድ ቀን ዝም አለች፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሆነ።»

 ተናድጄ ተነሳሁ። በፒያሳ ዳገት ስወጣ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነበር። እሳቸው ልጅ አላቸው፣ ሲኞራስ? ሰው ለምንጣፍ ብሎ ኦርጋን ይቀብራል? እያልኩ አንድ ሰው ትከሻ ገጭቼ ይቅርታ ሳልጠይቅ አለፍኩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ፀጥ ብሏል። ምንጣፎቹ በአጥሩ ላይ ተሰጥተዋል፤ በእጄ ዳሰስኳቸው፣ ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም። ሴቶቹ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ያነጥፋሉ። ዘበኛው የጓሮውን በር ሊዘጋ ሄዷል። የአበባ ማጠጫው ጎማ እግሬ ሥር ተጋድሟል።

ቧንቧውን ከፈትኩ።  አንደኛውን አራስኩት፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ውሃው ከምንጣፉ ቀይ ቀለም ይዞ በድንጋዩ መሃል ወረደ። ጎማውን ጥዬ ሾልኬ ወጣሁ፤ ቧንቧውን መዝጋቴን እንኳ አላስታውስም።

እሑድ ጠዋት የራሴን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መጣሁ። ወለሉ ባዶ ነው። በሩ ላይ ሰብሳቢው ዘበኛውን አቁመውታል፤ ዙሪያውን ሰው ከቧል።

«አበባ አጠጣለሁ ብለህ ውሃውን ከፍተህ ተኛህ! የሰው ስለት ነው እኮ!»

«እግዚአብሔርን ጋሼ፣ እኔ ቧንቧውን አልነካሁም።»

«ማን ነካው ታዲያ? ግቢው ውስጥ ካንተ ሌላ ማን ነበር? ነገ ቁልፉን አስረክብ።»

እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። አሁን ብናገር ሁከት ይነሳል፣ ቅዳሴው ይበላሻል፣ እርጥቡንም ቢሆን አንጥፉት ይሉ ይሆናል፣ ኦርጋኑ ያልቅለታል እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ይሄ ሁሉ ሰበብ ነው። እውነቱ ፈራሁ። ዘበኛው ዓይኑን ከሰው ሰው እያዞረ የሚያምነው ፈለገ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ጫማዬን አየሁ።

ሰገነቱ ላይ ወጣን፤ ሲኞራ፣ ዘበኛውና እኔ። ዘበኛው እጀታውን ያዘና ሳይነፋ ቆመ። ሲኞራ እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። ከታች ካህኑ ጀምረዋል።

«ንፋ እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለማን ብዬ?» አለኝ። «ነገ የምባረርበትን ቤት?»

 በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብነግረው እጀታውን ለቆ እንደሚያንቀኝ አውቃለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ላይነፋ ነው። እጀታውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም። ሲኞራ ዞረው አዩት። ዘበኛው ጥርሱን ነክሶ እጀታውን ወደ ታች ጫነ። በፊቱ ላይ ላብ ይሁን እንባ የሚወርደውን እያየሁ ከጎኑ ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ቅዳሴ ቆሜ አላውቅም።

ድምፁ ግን ዓርብ ዕለት እንደሰማነው ነበር። ከላይ ሆኜ ሳይ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ባለስለቷ አርፍደው ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ባዶውን ወለል አዩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እሳቸው ብቻ። መሃል ላይ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ስልኩን ከራሳቸው በላይ አንስተው ያዙት።

ሲያልቅ ሰብሳቢው ወደ ሰገነቱ ቀና ብለው «ይቆያል ሲኞራ! ማንም አይነካውም!» አሉ። ሲኞራ ቁልፎቹ ላይ ግንባራቸውን አሳረፉ። ደስታቸውን ልካፈል አልቻልኩም። ደረጃውን ወርጄ ሰው መሃል ገባሁና «ውሃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ምንጣፍ በሌለው ቤት ውስጥ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

 ዘበኛው አየኝ፤ አየኝና ፊቱን አዞረ።  ባለስለቷ በባዶ እግራቸው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ሳልፈቅድልህ?»

«ሳይፈቅዱልኝ።»

በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በሆነ ብዬም ተመኘሁ። እሳቸው ስልኩን አሳዩኝ።

«ቅዳሴው መሃል ደወለች። ሁልጊዜ አሰማታለሁ፤ ዝም ብላ ታዳምጥና ትዘጋዋለች። ዛሬ ‹እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ? አትዝጊው፣ አትዝጊው› አለችኝ። አለቀሰች።» ስልኩን መልሰው ጉያቸው ከተቱት። «እኔ ድምፅ ልስማ ብዬ ነው የተሳልኩት፤ ላፍን ብዬ አይደለም። ግን ስለት ስለት ነው። ሲደርቅ ይነጠፋል። በቅዳሴ ሰዓት ይጠቀለላል፣ ሲያልቅ ይዘረጋል። የምትጠቀልለው አንተ ነህ፤ የምትዘረጋውም አንተ ነህ። ይሄንንም ሰውዬ» ብለው ወደ ዘበኛው ጠቆሙ፣ «ማንም እንዳያባርረው።»

«እስከ መቼ ነው እትዬ?»

«ልጄ በዚህ በር እስክትገባ።»

ይኸው ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በየእሑዱ የራሴን ኪዳን አድርሼ እሄዳለሁ፤ አራቱን ጥቅል እጠቀልላለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ እዘረጋለሁ። ሚስቴ ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ትለዋለች። ዘበኛው ወናፉን ይነፋል፤ እኔን ሰላም አይልም። አልፈርድበትም።

ባለፈው ጾም አንድ እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ቅዳሴው አለቀ፣ ሰው ወጣ፣ ባለስለቷ ግን ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። እኔን አላዩኝም። ምንጣፉን መዘርጋት ጀመርኩ። እኔ ነኝ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር በልቤ። ጨርሼም ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ዘበኛው ገባ፣ ዳቦ ቆርሶ ለሴትዮዋ ሰጠ፤ አልወሰዱም። ትንሽ ቆሞ አሰበና ቁራሹን ለእኔ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ሦስታችንም ስልኩን ስናይ ቆየን።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጮኸ። እንግዳ በዝቶባት ነው፤ አሠሪዎቿ አላስወጣ ብለዋት ነው። ባለስለቷ «እሺ፣ እሺ የኔ እናት» እያሉ ብዙ አወሩ። ሲጨርሱ ስልኩን ጉያቸው ከተው ተነሱ፣ ምንጣፉን በእግራቸው እየዳበሱ እስከ በሩ ሄዱ፣ እዚያ ዞረው አዩኝ።

«ይሄኛው ጥግ ተጣጥፏል» አሉኝ። «አስተካክለው።»

ተንበርክኬ አስተካከልኩት።